ያልገባው ማመልከቻ

መስከረም 18

ለሚጡ አባት፣

ሰላምታ አስረዝሜ ወረቀቱን መጨረስ አልፈልግም። በአጭሩ ደህና ነን፣ ናፍቀኸናል፣ ደግሞም ተቀይመንሃል። ቅያሜው የስልኩ ነው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ እውነት ነው፤ መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሲስተም አስገብቷል። የገረመኝ ወሬው በክሎሪን መኪናው ሹፌር አፍ እናንተ ጣቢያ ድረስ መድረሱ ነው። አይ፣ ሰው አያባርርም፤ እስካሁን ያባረረው የለም። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ፣ እዚህ ዋናው ቢሮ ካሉት የጽዳት ሠራተኞች ጀምሮ እስከ እናንተ የዳር ጣቢያ ፓምፕ ኦፕሬተሮች ድረስ፣ ከወረቀት ማህደር ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ከመዝገብ ቤት ሁለት ሰው ይሠልጥን ሲባል እኔና እትዬ መዝገብ ተመረጥን። ታውቃታለህ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ማህደር ስታወጣና ስትመልስ የኖረች፣ የመደርደሪያውን ቁልፍ ይዛ የተወለደች የምትመስለው። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ሰው ሁሉ ረስቶታል። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኟን «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሲስተም እኮ ባንክ ስሄድ ‹የለም› የሚሉኝን ነው» አለቻት። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

አሠልጣኟ ግን ጎበዝ ናት። ሲስተም ማለት ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም አለችን። ማሽኑ፣ ፕሮግራሙ፣ የሚገባው ዳታ፣ የአሠራር ደንቡና ሰው አንድ ላይ ሲሠሩ ነው ሲስተም የሚባለው። «ከነዚህ ውስጥ የሚያስቸግረው የትኛው ነው?» ስትል እትዬ መዝገብ እጇን አውጥታ «ሰው!» አለች። ትክክል ነሽ ተባለች። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናውን ወዳዋለች።

ሌላው የተማርነው፣ ዳታ ጥሬ ነው፣ መረጃ ደግሞ የበሰለው። አንድ ሠራተኛ ሐሙስ ዕለት ቀረ ብለህ ብትጽፍ ጥሬ ነው። አለቃው በየወሩ ሐሙስ ሐሙስ እንደሚቀር ከኮምፒውተሩ ላይ ሲያነብ ያኔ በሰለ፤ ሠራተኛውም አብሮ በሰለ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከመጪው የካቲት ጀምሮ ዝውውር በሲስተሙ ነው። ማን ቀድሞ አመለከተ፣ ስንት ዓመት ዳር ላይ ቆየ፣ ልጅ አለው ወይ፣ ሁሉም በነጥብ ይሰላል። ከእንግዲህ «አለቃው ዘንድ ነው»፣ «አለቃው ወጥቷል» ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተራህን ስትጠብቅ የኖርክ ሰው፣ ከላይ ካልሆንክ ማን ሊሆን ነው? ሥልጠናውን በጉጉት ነው የምከታተለው፤ ወንበር ላይ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል።

ስልኩን በተመለከተ፣ እናንተ ጋ ኔትዎርክ ያለው ውሃ ታንከሩ ላይ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ሜሴጅ ብልክ ከሳምንት በኋላ እንደምታየውም አውቃለሁ። ግን ሰው በወር አንድ ቀን ታንከር ላይ መውጣት ያቅተዋል? ልጅህ ጥርሷ እየተነቃነቀ ነው፣ ልትነግርህ ሞታለች።

የሚጡ እናት

---

መስከረም 29

ለሚጡ እናት፣

ደብዳቤሽ ከአሥራ ሁለት በርሜል ክሎሪን ጋር ተጭኖ መጣ። ሽታው አሁንም አልለቀቀውም፤ ቢሆንም አሽትቼዋለሁ።

ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለሚጡ፣ ሦስተኛው ለመጠባበቂያ። አልታመምኩም። አልከሳሁም። ሹፌሩ «ባልሽ ዝም ብሏል» እንዳለሽ ራሱ ነግሮኛል፤ እንዲያ ያለሽ እሱ ብቻውን ስለሚያወራ ነው፤ ከእሱ ጋር የዋለ ሰው መቼ ተራ ያገኛል?

እኛም ጋ ሲስተም አለ፦ እኔ፣ እርሳስና አባ መፍቻ። ፓምፖቹ ሦስት ናቸው፤ አንድና ሁለት ቁጥር እየተፈራረቁ ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ተጠባባቂ ነው። እኔ በየሰዓቱ ግፊቱንና የታንከሩን ከፍታ እመዘግባለሁ። መካኒካችን አባ መፍቻ ደግሞ መፍቻቸውን ከኪሳቸው ሳይለዩ ይዞራሉ፤ አሁን ጡረታ ሊወጡ አሥራ አንድ ወር ቀርቷቸዋል። ስለ ሲስተሙ ስነግራቸው «እኔን ሳያስገቡኝ በፊት ልውጣ» አሉኝ።

ስለ ዝውውሩ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። የእኔን ማህደር አትፈልጊ። ሰው አፉ ክፉ ነው፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ባሏን አስቀደመች ይሉሻል። ተራው ሲደርስ ይደርሳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?

ስልኩንም ቢሆን፣ ታንከሩ ላይ ነፋስ ነው፣ ምንም አይሰማም። ለእኔ ደብዳቤ ይሻለኛል። ደብዳቤ መላልሼ አነበዋለሁ፤ ድምፅ ግን አንዴ ካመለጠ አመለጠ። ለሚጡ ስል ግን እሁድ እወጣለሁ።

ያንቺው

---

ኅዳር 4

ለሚጡ አባት፣

ስለ ማህደሩ ባልከኝ አልተቀየምኩም። «የኔን አትፈልጊ» ስትለኝ ኩራትህ ነው ብዬ ወደድኩልህ። አሁን ግን ሌላ ነገር መጥቷል።

እሁድ በመደወልህ ተባረክ። ሚጡ ስልኩን ይዛ ጓዳ ገብታ ስለዘጋች የተባባላችሁትን የሰማሁት ከእሷ ነው። «አባዬ፣ ጥርሴ ወለቀ» ስትልህ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ አመጣልሻለሁ» አልካት አሉ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ብዬ ተውኩት። እሷ ግን ጥርስ እስክታመጣላት እየጠበቀች ነው።

ሥራው ተጀምሯል። በቀን አርባ ማህደር እናስገባለን። ጉድ ነው የምናየው! አንድ ጥበቃ ሦስት የልደት ቀን አለው፤ በአንደኛው ከሄድን በተወለደ በአራት ዓመቱ ነው የተቀጠረው። ለአንድ ሟች ደግሞ የዓመት ፈቃድ እየተጠራቀመለት ነው። እትዬ መዝገብ «ተዉት፣ ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ አለ» አለች። አሠልጣኟ የምትለው ገባኝ፤ ኮምፒውተር የዘራህበትን ነው የሚያበቅለው። እንክርዳድ ዘርተህ በፕሮግራም ስንዴ አታደርገውም።

ማህደርህን አልፈለግሁም፤ እንዳዘዝከኝ ተውኩት። እሱ ራሱ በተራው መጣ። የቅጥርህ ደብዳቤ አለ። የትምህርትህ አለ። ወደዚያ ጣቢያ የተመደብክበት አለ። የዝውውር ማመልከቻ ግን የለም።

የለም ስልህ፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም። መጀመሪያ ሌላ ሰው ማህደር ውስጥ ገብታ ይሆናል አልኩ። ከአንተ በፊትና ከአንተ በኋላ ያሉትን ሃያ ሃያ ማህደር አራገፍኩ። ከዚያ ከእትዬ መዝገብ ጋር ተጣላሁ፤ «ጥፋቱ የአንቺ ነው፣ አንቺ ነሽ የጣልሽው» ብዬ ጮህኩባት። ሃያ ስድስት ዓመት ወረቀት ጥላ የማታውቅ ሴት! ዓይኗ እንባ ሞላ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ውስጤ ግን አልተረጋጋም። ምሳ ልበላ እነሳና ተመልሼ መደርደሪያው ጋ እሄዳለሁ።

በየትኛው ወር ነው ያስገባኸው? ለማን ሰጠኸው? ቅጂ ካለህ ቶሎ በሹፌሩ ላክልኝ። ማስተካከያ የሚቀበሉት እስከ ጥር ብቻ ነው።

---

ኅዳር 16

ለሚጡ እናት፣

ስለ ደከምሽው ሁሉ አዝናለሁ፤ ለእትዬ መዝገብም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እሷ ጥፋት የለባትም።

ማመልከቻውን የሰጠሁት የዛሬ ሦስት ዓመት፣ መጋቢት ይመስለኛል፣ ለቀድሞው የጣቢያ ኃላፊ ነው። ማክሰኞ ዕለት ነበር፤ ዝናብ ስለነበር ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የሰጠሁት። እሱም በዚያው ሳምንት ወደ ዋናው ቢሮ ሲሄድ ይዞት ሄደ። እንግዲህ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ቅጂ አላስቀረሁም። አዲስ እጽፋለሁ፤ አንቺ በዚህ ራስሽን አታድክሚ።

ሹፌሩ ስለ ጣቢያችን የሚያወራልሽ ወሬ ተጋንኗል። ሁለት ቁጥር ፓምፕ ላይ ትንሽ ብልሽት ነበር፤ ተጠግኗል። እኔ አንድም ነገር አልሆንኩም።

ለሚጡ ጥርሱን እያፈላለግሁ ነው በያት።

ያንቺው

---

ታኅሣሥ 2

በስምህ ልጠራህ ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ላስቲክ፣ ዝናብ፣ ማክሰኞ። ስንተዋወቅ ስንት ዓመታችን ነው? የትናንትናን ቀን የማታስታውስ ሰው፣ የዛሬ ሦስት ዓመትን ማክሰኞ ከነዝናቡ አመጣህልኝ። እውነት ስትናገር እንዲህ አታሳምርም።

የገቢ ደብዳቤ መዝገብ የሚባል ነገር አለን፤ ወፍራም፣ ጀርባው የተላጠ። ከእናንተ ጣቢያ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ሦስት ዓመቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። አንድም ቁጥር አልተዘለለም። የአንተ ማመልከቻ የለበትም። አልጠፋም፣ አልገባም።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሲስተሙን የፈቃድ ዝርዝር አውጣ አልኩት፣ አወጣልኝ። አምና «ፈቃድ ከለከሉኝ» አላልከኝም? የተከለከለ ፈቃድ የለም፤ የተጠየቀም የለም። አርባ አንድ ቀን ተጠራቅሞልህ ተቀምጧል። ልጅህን ካየሃት ዓመት ከሁለት ወር አለፈህ፣ አንተ አርባ አንድ ቀን አጥፈህ ኪስህ ውስጥ ይዘሃል። ከአንተ በኋላ ወደዚያ የተመደቡ ሁለት ኦፕሬተሮች አመልክተው፣ ተዘዋውረው፣ እዚህ ግቢ ውስጥ በየቀኑ ሰላም ይሉኛል።

«ትንሽ ብልሽት» ያልከውም ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አባ መፍቻ ሁለት ጣታቸውን አጥተዋል። ትንሽ የምትለው ይህን ነው?

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ፤ በሌላ ሰው አፍ ከምሰማው አንተው ንገረኝ። እዚያ ሌላ ሰው አለች? ባለፈው ስትመጣም ልብህ እዚህ አልነበረም። ከኋላህ ቆሜ ሦስቴ ጠርቼህ ዞር አላልክም። ሰለቸሁት ብዬ እቃ ማጠቤን ቀጠልኩ። ዓመት ሙሉ ያንን ነገር እያላመጥኩ ኖርኩ።

መኪናው መልስህን ይዞ እስኪመለስ አሥር ቀን ይፈጃል። አሥር ቀን እንዴት እንደማሳልፍ አላውቅም።

---

ታኅሣሥ 12

ለሚጡ እናት፣

ሌላ ሰው የለችም። ብትኖር ኖሮ ለእሷም ይህንኑ መደበቅ ይኖርብኝ ነበር።

ጆሮዬ ነው። ያኔ ሦስቴ ስትጠሪኝ አልሰማሁሽም። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የተፈለፈለ ነው።

የግራው ከዛሬ አራት ዓመት በፊት ጀመረኝ፣ እንደ ፉጨት ሆኖ። ያኔ ከተማው ዳር ባለው ጣቢያ ነበርኩ፤ ስምንት ዓመት ማሽን አጠገብ ቁጭ ብዬ። ይተወኛል አልኩ፤ ፉጨቱ ተወኝና መስማቱን ይዞ ሄደ። ቀኙ ቀስ እያለ ተከተለው። አሁን ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ካላወራኝ የማገኘው ጉምጉምታ ነው። ታንከሩ ላይ ሚጡ ምን እንዳለችኝ አላውቅም። ከደብዳቤሽ ነው ስለ ጥርሷ መሆኑን የተረዳሁት። አንብቤ ብዙ አለቀስኩ።

የዝውውር ቅጹን ወደዚህ ጣቢያ እንደመጣሁ ወስጄ ነበር። ሁለቱን ገጽ ሞላሁት። ሦስተኛው ገጽ የጤና ምርመራ ነው፤ «የመስማት ችሎታ» የሚል መስመር አለው። እዚያ ላይ እርሳሴ ቆመ። ቅጹ እስከዛሬ ፍራሼ ሥር ነው። የፓምፕ ኦፕሬተር ያለ ጆሮው ምን አለው? ፓምፕ ሊታመም ሲል መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፁ ነው፤ ግፊቱ የሚወርደው በኋላ ነው። ብቁ አይደለም ብለው ያወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ዓመቱ ነጎደ። ፈቃድ ወስጄ ከመጣሁ ደግሞ አንቺ ታውቂብኛለሽ።

ይሄ ሁሉ በእኔ ላይ ብቻ ቢቀር ምን ነበረበት። አባ መፍቻ ገና በመጀመሪያው ወር አውቀውብኛል። ለማንም ሳይናገሩ እሳቸው ጆሮ ሆኑልኝ፤ ድምፁ ሲለወጥ መጥተው ትከሻዬን ይነካሉ። አደጋው በደረሰበት ቀን ግቢው ጫፍ ላይ ቱቦ እየፈቱ ነበር። የሁለት ቁጥር ፓምፕ ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብረት፣ ማልቀስ ጀምሮ ነበር አሉ። አሉ ነው የምልሽ፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ግፊት እየጻፍኩ ነበር። እየሮጡ መጥተው «አጥፋው! አጥፋው!» እያሉ ጮኹ አሉ። ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ። አልፈውኝ ራሳቸው ሊያጠፉት ሲሉ እጃቸውን ያዘው። ያየሁት ያኔ ነው።

ለኃላፊው «ሳላጠፋው እጄን የሰደድኩ እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ለምን ስላቸው በግራ እጃቸው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፦ «አንተ ልጅ ታሳድጋለህ። የኔዎቹ አድገዋል።» አሁን በቸልተኝነት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊያቀርቧቸው ነው፤ ጡረታቸው ዘጠኝ ወር ሲቀረው ሊሰናበቱ ይችላሉ። እኔም ዝም ብያለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ጆሮዬን የትም አታስገቢ።

---

ታኅሣሥ 22

ለሚጡ አባት፣

አላስገባም። ቃሌ ነው።

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። በአንደኛው ሰድቤህ ነበር። በሁለተኛው አልቅሼ ነበር። ሦስተኛው ከሁለቱም ተቀላቅሎ የሚነበብ አልነበረም። ሌላ ሴት ብትኖር ይሻለኝ ነበር ብዬ ለአንድ ደቂቃ አስቤያለሁ፤ ቢያንስ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። አሁን የምጠላው አጣሁ። አራት ዓመት ብቻህን ተሸክመኸው! ለማን ብለህ? እኔ ምንህ ነኝ? ጎረቤትህ ነኝ?

የጠየቅኸኝን መለስኩልህ፤ አሁን የእኔን ስማ። የአባ መፍቻን ሪፖርት የማስገባው እኔ ነኝ። «የአደጋው ምክንያት» የሚል ቦታ አለው። «የሠራተኛ ቸልተኝነት» ብዬ ልመታ ጣቴን አነሳሁ፤ አልወርድ አለኝ። ያንተን አላስገባም ብያለሁ፤ ያንን ውሸት ግን በእጄ አላስገባም። ባዶውን ተውኩት። ባዶ ከሆነ ደግሞ ሲስተሙ አላስቀምጥም ይላል፤ ቀይ መስመር ያሰምርብሃል። ሦስት ቀን ሙሉ ቀይ መስመር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

እትዬ መዝገብ መጥታ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችው። ምንም አልነገርኳትም። «እኔ እንኳ» አለች፣ «ወረቀት የሰጡትን ሲቀበል ሳይ ነው የኖርኩት። ይሄኛውስ ጠያቂ ነው።» ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻይ አመጣችልኝ፣ ቀዘቀዘ፣ ሌላ አመጣችልኝ።

ኮሚቴው የሚቀመጠው ጥር 15 ነው። እኔ አልናገርም። የምትናገረው አንተ ነህ፣ ካልተናገርክም ተሸክመኸው የምትኖረው አንተ ነህ። የምትፈራው እኔን ከሆነ ግን እሱን ተወው። ጆሮህን አይደለም ያገባሁት።

---

ጥር 3

ለሚጡ እናት፣

ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ተናገርኩ። ቃሌን በጽሑፍ ሰጠሁ፤ ለኮሚቴው በጣቢያው በኩል ተልኳል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ መኪና ላይ ነው ያለው።

የጣቢያው ኃላፊ ካነበበው በኋላ ብዙ አወራ። ጎንበስ ብሎ ስለሚያወራ ምን እንዳለ አልያዝኩም። መጨረሻ ላይ ቀና ሲል «እኔም እንዴት አላወቅሁም?» የሚለውን ከአፉ አነበብኩ። ሰውየው በራሱ ነበር የተናደደው።

አባ መፍቻ ግን እሳት ሆኑ። «አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት? ሁለት ጣቴን በከንቱ አስቀረኸው!» ብለው በታሰረ እጃቸው ጠረጴዛውን መቱና ሕመሙ ሲነካቸው ባሰባቸው። ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ለነገሩ ቢሰድቡኝም የምሰማ አይደለሁም። በሦስተኛው ቀን ምሳቸውን ይዘው መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ በላን፤ አበቃ።

ሐኪም ቤትም ላኩኝ፣ መኪና ሰጥተው። ጠባብ ክፍል አስገቡኝ፣ ማዳመጫ አደረጉልኝ፣ ነርሷ «ድምፅ ስትሰማ ይህን ተጫን» ብላ መጫኛውን አስያዘችኝ። ጣቴን ደግኜ ጠበቅሁ። በመስታወቱ በኩል አያታለሁ፤ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። በጣም ስለቆየች መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አዘንኩላት። መጥታ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አነሳችና «ጨርሰናል» አለችኝ። እኔ ገና አልተጀመረም ብዬ ነበር።

አሁን ምን እንደሚወሰን አላውቅም። ፓምፕ ቤት እንዳልገባ ታዝዣለሁ። ግቢው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ። እግሬ አርፎ መቆም አልቻለም። አንቺ ጋ ያለው ምን ይመስላል? መጥፎም ቢሆን ጻፊልኝ፤ መጥፎ ነገር ሳልነግርሽ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አትልመጂው።

---

ጥር 24

ለሚጡ አባት፣

መጥፎም ጥሩም አለው። እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገርህ፤ ካልሆነ እኔም ይጠፋኛል።

ጥር 15 ኮሚቴው ተቀመጠ። ቃልህ ተነበበ። ሰብሳቢው «ሰውየው ደብቋል፤ ጥፋቱ የሱ ነው፣ ይሰናበት» አሉ። ሌላው አባልም በመስማማት አንገቱን ነቀነቀ። እኔ የተጠራሁት ማህደርህን ለማሳየት ብቻ ነበር፤ ባሌ ስለሆንክ አስተያየት እንዳልሰጥ አስቀድመው ነግረውኛል። እኔም አልሰጠሁም። «ማህደሩ ይኸው፤ ከሲስተሙ የወጣ አንድ ዝርዝርም አያይዣለሁ» ብዬ አስቀመጥኩላቸው።

ዝርዝሩን ያወጣሁት ስብሰባው ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ቃልህን ደግሜ ሳነብ «ከተቀጠርኩ ጀምሮ ጆሮዬን የመረመረኝ የለም» ያልከው ላይ ቆምኩ። ይሄ የሱ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም? ብዬ ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት። ማሽን አጠገብ የሚሠራ ሰው በየሁለት ዓመቱ ጆሮው ይመርመር የሚል ደንብ አለን፤ ማንም ገልጦት አያውቅም እንጂ። ኦፕሬተሮቻችን ሰባ አራት ናቸው። የተመረመረ ስንት ነው? ዜሮ። ሰባ አራት ስም፣ ሰባ አራት ባዶ ቦታ፣ ከላይ እስከ ታች።

ሰብሳቢው ገጹን ገለጡት፣ መልሰው ገለጡት። «ይሄ ስህተት ነው፤ መረጃው አልገባም ማለት ነው» አሉ። ያኔ እትዬ መዝገብ፣ ማንም ሳይጠራት በር ላይ ቆማ የነበረችው፣ «ጌታዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ማህደር ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጄ አልፎ አያውቅም» አለች።

ውሳኔው ይህ ነው። አባ መፍቻ ከክሱ ነፃ ናቸው፤ ጡረታቸው አይነካም። «የአደጋው ምክንያት» የሚለውን እኔው ሞላሁት፦ ኦፕሬተሩ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አልሰማም፤ የመስማት ምርመራ አልተደረገም። አንተው ስለተናገርክ ቃሌን አላፈረስኩም። አንተ በመደበቅህ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል፤ ከፓምፕ ቤት ለዘለቄታው ወጥተህ በአንድ ደረጃ ዝቅ ብለህ እዚህ የቆጣሪ ጥገና ክፍል ተመድበሃል። ሐኪሙ ለቀኝህ ማዳመጫ ይረዳዋል ብሏል፤ ለግራው ተስፋ አልሰጠም።

ይህን ስሰማ መደሰት ነበረብኝ። ደስታው ግን አራት ቀን አልቆየልኝም። ሁሉም ኦፕሬተር ይመርመር ተብሎ በቅርብ ካሉት ጣቢያዎች ተጀመረ። እስካሁን ከተመረመሩት ሃያ ሁለት ሰዎች ዘጠኙ እንደ አንተ ሆነው ተገኙ። ዘጠኝ ሰው! ሁሉም ዝም ብለው ነበር። ሁሉም ፍራሻቸው ሥር የሆነ ወረቀት ይኖራቸዋል። ከፓምፕ ቤት አውጥተው የት እንደሚያደርጓቸው ገና አልተወሰነም፤ ለዘጠኝ ሰው የሚሆን የቆጣሪ ክፍል የለንም።

ትናንት አንደኛው መጡ። ሽበት የጀመራቸው፣ ቱታቸውን እንኳ ያላወለቁ ሰው ናቸው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው «ዝርዝሩን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። በጣም ጮኸው ስላወሩ ፎቁ በሙሉ ሥራውን አቆመ። የሚጮኹ አልመሰላቸውም። «ለደረጃ ዕድገት ስምንት ወር ነበር የቀረኝ። ማን ጠየቀሽ? እኔ ጠየቅሁሽ?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? ባሌ እንዳይባረር ነው ልበል? ወይስ ነገ የርስዎም እጅ እንዳይቆረጥ ነው ልበል? ሁለቱም እውነት ነበር። ወረቀት አንስቼ «ይቀመጡ» ብዬ ጻፍኩላቸው። አነበቡት። ብዙ አዩኝና ተቀመጡ። ቅሬታቸውን ጽፈው፣ እኔ በቁጥር መዝግቤላቸው፣ ቅጂውን ይዘው ሄዱ። የሌሎቹንም ስምንት ቅሬታ እንዲሁ እቀበላለሁ፤ ምደባቸው እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ ኃላፊው ፊት አስቀምጠዋለሁ። ከዚህ በላይ አቅሜ የሚፈቅደው አልታየኝም። ዛሬም ልቤ አልተረጋጋም። ጥሩ ነገር ሠርቼ እንዲህ መረበሼ ለምን እንደሆነ አንተ ታውቅ ይሆናል።

የመመደቢያ ደብዳቤህ ከዚህ ጋር ነው። ረቡዕ ሥራ ላይ እንድትገኝ ይላል። ሰኞ ከሚመለሰው መኪና ጋር ና። ለአባ መፍቻ የሚሆን ወፍራም ጓንት ገዝቼ ልኬአለሁ፤ እጃቸውን ብርድ እንዳያገኘው።

እኔ ደግሞ መጻፍ ሰልችቶኛል። ላንተ ከእንግዲህ ደብዳቤ የለኝም። የምቆጣህ ነገር ግን ብዙ ነው፣ የአራት ዓመት ክምችት ነው፣ እሱ በወረቀት አይሆንም። ስትመጣ መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት፣ ወንበር አስቀምጥልሃለሁ። ፊት ለፊቴ ትቀመጣለህ። አፌን እያየህ፣ ቀስ እያልኩ፣ አንድ በአንድ እቆጣሃለሁ።